ካርታ ያለው ቆሞ ይጠብቃል፣ የሌለው በሦስት ሌሊት ይሠራል። የሰፈር ፕላን ነገር ከየት ይጀመር?

ባለካርታዋ

ሰላም ለሁላችሁ። ረጅም ነው፣ ቡና ይዛችሁ አንብቡት።

አባቴ በማኅበር ያገኘው 175 ካሬ ቦታ አለን፣ በከተማው ዳር። ካርታ አለው። ግብሩ ተከፍሏል። ክርክር የለበትም። አባቴ ካረፈ በኋላ እኔና ወንድሜ ጂ ፕላስ ሁለት ልንሠራበት ተስማማን። አርክቴክት ይዘን፣ የባንኩንም ነገር ጀምረን፣ ከግንባታ ፈቃዱ በፊት የሚያስፈልገውን የፕላን ስምምነት ልጠይቅ ቢሮ ሄድኩ። ክፍለ ከተማውን አልጠራም፣ ነገም የምሄደው እዚያው ነው።

«የአካባቢው ኤልዲፒ (የሰፈሩ ዝርዝር ፕላን) ክለሳ ላይ ነው። ከሁለት ወር በኋላ ይመለሱ።»

ተመለስኩ። አሁንም ክለሳ ላይ ነው። እንዲህ እንዲህ እያልኩ አሥራ አራት ወር ሆነኝ። ክላሰሬ ጥጉ ተቀደደ። የበሩ ጥበቃ በስሜ ነው የሚጠራኝ፣ ልጄን ሳይቀር እንዴት ናት ይለኛል።

የሚያንገበግበኝ ግን ሌላ ነው። ከአጥራችን ጀርባ፣ ወንዙ ዳር፣ ባዶ ቦታ ነበር። ባለፈው ዓመት አንድ አርብ ማታ አይሱዙ መጥቶ ቆርቆሮና እንጨት አራገፈ። ሌሊቱን ሙሉ ሚስማር ሲመታ ሰማን። ቅዳሜም፣ እሑድም። ሰኞ ጠዋት ለሥራ ስወጣ ቤቱ ቆሟል። የግድግዳው ጭቃ ገና እርጥብ ነው፣ በሩ ላይ ግን አበባ ያለው መጋረጃ ተሰቅሏል፣ ውስጥ ሽንኩርት ይቁላላል። አሁን አሥራ አንድ ቤት ሆነዋል። መብራቱን ከየት እንደቀጠሉት አትጠይቁኝ።

ሰዎቹን አልጠላቸውም። ኪራይ ያባረራቸው ናቸው። ግን ሕግ አክብሬ የቆምኩት እኔ ሞኝ ሆንኩ።

ጥያቄዬ እንዲህ ነው። አዲስ ሰፈር የሚታቀድበትንና ፈቃድ የሚሰጥበትን አሠራር አስተካክሉ ብትባሉ ከየት ትጀምራላችሁ? «ሙስናው ነው» ብላችሁ ብቻ እንዳታልፉ። እሱን ሁላችንም እናውቀዋለን።

ሃያሁለት_ማዞሪያ

እህቴ ጥፋቱ ያንቺ ነው። አርብ ማታ አይሱዙ ማስገባት ሲገባሽ ሰኞ ጠዋት ክላሰር ይዘሽ ሄድሽ። ሃሃሃ።

አቦል

መፍትሔው ግልጽ ነው። ሁሉም ነገር ኦንላይን ይሁን። ማመልከቻ በስልክ ማስገባት፣ በስልክ መከታተል። ሰው ከሰው ካልተገናኘ ምልልሱም ጉቦውም ይቀራል።

ባለካርታዋ

@አቦል በኮምፒውተርም ሞክሬዋለሁ ወንድሜ። «ኤልዲፒ ክለሳ ላይ» የሚል መልስ መጣልኝ። ያተረፍኩት የታክሲ ሒሳብ ነው።

ፕላነር_ነበርኩ

ዘጠኝ ዓመት ፕላን ላይ ሠርቻለሁ፣ አሁን በግሌ ነኝ። ስለዚህ ይሄ ግማሹ ይቅርታ ግማሹ ማብራሪያ ነው።

የከተማ ፕላን አዋጁ 574/2000 ነው። እንደ አዲስ አበባ ባለ ከተማ ፕላኑ ሁለት እርከን አለው በሉት። ላይኛው መዋቅራዊ ፕላን ነው፣ የአሁኑ ከ2009 እስከ 2019 የሚያገለግል ነው። እሱ ዋና ዋና መንገዶችን፣ የቱ መኖሪያ የቱ ቅይጥ የቱ አረንጓዴ እንደሆነ ይነግርሻል። ያንቺ 175 ካሬ እሱ ላይ የዝንብ እግር አታክልም። ታችኛው ኤልዲፒ ነው። የውስጥ መንገዱ ስንት ሜትር ነው፣ ሕንፃው ስንት ፎቅ ይፈቀድለታል፣ ከአጥር ምን ያህል ይራቅ፣ የሕፃናት መጫወቻው የት ነው የሚለው ያለው እሱ ውስጥ ነው።

አሁን ራስሽን በመስኮቱ ወዲያ በኩል አስቀምጪው። ኤልዲፒው ሳያልቅ ፈረምሽ እንበል። በዓመቱ አሥር ሜትር መንገድ ሰውየው ሳሎን ውስጥ ገባ። «ማነው የፈረመው?» ይባላል። አንቺ ነሽ። ካልፈረምሽስ? ምንም። «ተመለሱ» ብሎ የተጠየቀ ሰው በዘጠኝ ዓመት ውስጥ አላየሁም። ደመወዙም አይቆረጥም፣ ዕድገቱም አይቀርበትም። እኔም ብያለሁ። ብዙ ጊዜ ብያለሁ።

ስለዚህ የመጀመሪያው ማስተካከያ ይሄ ይሁን። ክለሳ ቀን ይቆረጥለት። በተቆረጠለት ቀን ካላለቀ በነባሩ ፕላን ይስተናገድ። ያለ ቀን የሚከለስ ፕላን በፕላን ስም የተጣለ እገዳ ነው።

ሁለተኛው ግን ይበልጣል። ሰው ሁሉ ፈቃድ ይፍጠን ይላል። የቸገረን ፍጥነቱ ሳይሆን ቅደም ተከተሉ ነው። እኛ ጋ ቤቱ ይቀድማል፣ መንገዱ ቤት እያፈረሰ ይከተላል፣ የፍሳሽ መስመሩ ደግሞ ኮብልስቶኑ ከተነጠፈ በኋላ ትዝ ይለናል። የተነጠፈው ይነሳል፣ እንደገና ይነጠፋል። ሰፈራችሁ ውስጥ ሦስቴ የተቆፈረ መንገድ የሌላችሁ እጃችሁን አውጡ።

በ2005 ገደማ ከኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ የመጡ ባለሙያዎች ጋር በአዳማ፣ በባሕር ዳር፣ በሐዋሳና በመቀሌ የተጀመረ ሥራ ነበር። ሐሳቡ ለጉድ ቀላል ነው። ከተማው በሚቀጥለው ሠላሳ ዓመት የት የት ይሰፋል ብለህ ገምት። ዛሬ እርሻ የሆነው ላይ በየአንድ ኪሎ ሜትሩ ግድም 30 ሜትር የሚሰፋ የዋና መንገድ መስመር አስምር። ለአረንጓዴ የሚቀረውንም ለይ። መስመሩን መሬት ላይ አስከብር። በቃ! የውስጡን ዝርዝር ጊዜው ይሞላዋል። አስፋልቱ ከሃያ ዓመት በኋላ ቢመጣም ግድ የለም፣ አሁን የሚያስፈልገው የድንበር ድንጋይና ድንጋዩን የሚጠብቅ ሰው ነው። አውቶቡሱም፣ የውኃው ቱቦም፣ መብራቱም የሚያልፉት በዚያው መስመር ነው። ቤት ከቆመ በኋላ ያንኑ 30 ሜትር ለማግኘት የሚወጣውን ካሳ አስቡት።

ሃያሁለት_ማዞሪያ

ፍጥነት ከፈለጋችሁማ አለ። ኮሪደር ልማቱ በ2016 ሲጀመር አላያችሁም? ፒያሳን በወራት ውስጥ ሌላ አደረጉት። ከዚያ ካዛንቺስ። ማን ኤልዲፒ ክለሳ ላይ ነው አለ?

አምስተኛ_ፎቅ

@ሃያሁለት_ማዞሪያ አዎ፣ መንገዱ አምሯል፣ እግረኛ መሄጃ አግኝቷል፣ እሱን አልክድም። ግን ከተነሱት ውስጥ ብዙዎቹ የቀናት ጊዜ ነው የተሰጠን ይላሉ። እንደዚያ ዓይነቱን ፍጥነት ለጎረቤቴ አልመኝም።

እኔ ደግሞ የኮንዶሚኒየም ሰው ነኝ፣ ስለዚህ ከሌላ ጎን ልምጣ። ባለካርታዋን ፈቃድ የሚጠይቃት መንግሥት ራሱ ሰፈር ሲገነባ ማን ይጠይቀዋል?

የቤቶች ፕሮግራሙ በ1990ዎቹ መጨረሻ ሲጀመር፣ ገርጂ የተሠራው ሙከራ ከተማው ውስጥ ነበር። ከዚያ ባዶ መሬት ፍለጋ ወደ ዳር፣ ወደ ዳር። የካ አባዶ፣ ቱሉ ዲምቱ፣ ኮዬ ፈጬ። እኔ ዕጣ የወጣልኝን ሳይት ስሙን ልተወው። 20/80 ነው፣ ማለት ሃያ በመቶውን ቀድመህ ቀሪውን በባንክ ብድር የምትከፍለው፣ ባለ አንድ መኝታ፣ አምስተኛ ፎቅ። ቁልፍ የተቀበልኩ ቀን እናቴ እልል ብላ ደረጃው ላይ ስትወጣ ሦስተኛው ላይ ቁጭ አለች፣ ከዚያ ወዲህ ሁለቴ ነው የመጣችው።

ውኃ በሳምንት ሁለት ሌሊት ይመጣል። ግፊቱ እስከ ሁለተኛ ፎቅ ነው። ከዚያ በላይ ያለነው ጀሪካን ነን። ታች ያሉ ልጆች በጀሪካን እያስከፈሉ ያወጡልናል፣ ዋጋው በፎቅ ይለያያል። አራተኛና አምስተኛ አንድ ዋጋ ነው ብዬ ስከራከር «ጋሼ፣ አንዴ ተሸክመው ይዩት» አለኝ አንዱ። አየሁት። ትክክል ነበር።

የሳይቱን ፕላን ፎቶ ኮፒ አግኝቼ አይቼዋለሁ። ትምህርት ቤት አለው፣ ጤና ጣቢያ አለው፣ ገበያ አለው። በቀለም ተሠርቷል፣ ያምራል። ትምህርት ቤት የተባለው ቦታ ላይ ያለው የደረቀ የኮንክሪት ክምርና ፍየል ነው። ልጄ ሁለት ታክሲ ይዛ ነው ትምህርት ቤት የምትሄደው፣ ከቤት የምትወጣው ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ነው፣ ጥር ላይ ገና ሳይነጋ ማለት ነው።

ለምን እንዲህ ሆነ ብዬ ብዙ አስቤበታለሁ። ርክክቡ ነው። ተቋራጩ የሚያስረክበው ብሎክ ነው። በር፣ መስኮት፣ ቧንቧ ተቆጥሮ ይፈረማል። ሰፈሩን የሚያስረክብ የለም፣ የሚረከብም የለም። እኔን ብትጠይቁኝ ውኃው አምስተኛ ፎቅ ሳይወጣ፣ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ሳይከፈት ቁልፍ አይሰጥ።

አቦል

@አምስተኛ_ፎቅ እና እስከዚያ ድረስ የቤት ኪራዩን ማን ይከፍልልሃል? በ1997 ተመዝግቦ እስካሁን የሚጠብቅ ሰው ስንት አለ። ቁልፍ ስጡኝ እንጂ ውኃውን ከዝናብም እጠጣዋለሁ ይልሃል።

አምስተኛ_ፎቅ

እውነትህን ነው፣ እኔም ያኔ እንደዚያ ነበር የምለው። ለዚህ እኮ ነው ለባለዕጣው የማይተው። እሱ ጨንቆት ይፈርማል።

የገበሬ_ልጅ

ክሩን ከላይ ጀምሬ አነበብኩት። ስለ ኮንዶሚኒየሙ ስታወሩ መሬቱ ከሰማይ የወረደ ይመስላል።

አሁን ብሎክ የቆመበት አንዱ ቦታ የአባቴ ማሳ ነበር። ጤፍና ሽምብራ። መጀመሪያ የመጡት ቀያሾች ናቸው። ራሱ ቀይ የተቀባ ችካል ተክለው ሄዱ። ምን እንደሆነ የነገረን የለም። ታናሽ ወንድሜ በግ ያስርበት ነበር። ከብዙ ወር በኋላ ስብሰባ ተጠራን። አዳራሹ ግድግዳ ላይ ትልቅ ካርታ ተሰቅሏል፣ አባቴ ተጠግቶ የኛን ዋርካ ፈለገ። ዋርካው የለም። እዚያ ላይ ቁጥር የተጻፈበት አራት ማዕዘን ነው ያለው። «አስተያየት ካላችሁ» ተባልን። ቤቱ ከታቀደ፣ በጀቱ ከተያዘ በኋላ ምን አስተያየት አለ?

ካሳው በድሮው አዋጅ በ455/1997 ነው የተሰላው። የአምስት ዓመት አማካይ ገቢ ተወስዶ በአሥር ይባዛል። በ2011 የወጣው 1161 የሦስት ዓመቱን ከፍተኛ ወስዶ በአሥራ አምስት ያባዛል፣ ይሻላል። አባቴን ግን አልደረሰበትም። ብሩ ሲሰጠው በሕይወቱ አይቶት የማያውቀው ብር ነበር። ባጃጅ ገዛ፣ ለአጎቴ ልጅ ሰጠው፣ ባጃጁ ተጋጨ። በሁለት ዓመት አለቀ። ከዚያ አባቴ በገዛ ማሳው ላይ የቆመ ብሎክ ጥበቃ ሆኖ ተቀጠረ። የማታ ፈረቃ። ዱላውን ይዞ የሚቀመጠው ሽምብራው በነበረበት በኩል ነው።

ፕላን በር ዘግተው ሲሠሩት ምን እንደሚመጣ አገሩ አይቶታል። የአዲስ አበባና የዙሪያው ኦሮሚያ የጋራ ማስተር ፕላን በ2006 ተቃውሞ አስነሳ፣ በ2008 እንደገና፣ ብዙ ሰው ሞተ፣ በጥር 2008 ተሰረዘ ተባለ። የሞቱት ግን አልተመለሱም። ባለካርታዋ፣ አሥራ አራት ወርሽን አላቃልልም። ግን «ፈቃድ ይፍጠን» ስትሉ መጀመሪያ የማንን መሬት ነው የምትፈቅዱት?

ቶታል_ስቴሽን

@የገበሬ_ልጅ ያን ችካል ከተከሉት አንዱ እኔ ልሆን እችላለሁ። ቀያሽ ነኝ። ለማንም ምንም እንዳትናገር ተብዬ የሄድኩበት ቀን ብዙ ነው። አንዲት እናት «ልጄ ምን እየለካህ ነው» ስትለኝ «መንገድ ነው እማማ» ብያታለሁ። አልነበረም።

አንድ ነገር ግን ልጨምር። መሬት ሙሉ በሙሉ ወስዶ ገበሬውን በብር ማሰናበት ብቸኛው መንገድ አይደለም። ጃፓን ብዙ ከተሞቿን፣ ሕንድ ውስጥ ደግሞ እነ አሕመዳባድ ዳር ዳራቸውን ያስፋፉበት ዘዴ አለ። በቀያሽ ቋንቋ ላስረዳችሁ።

አርባ ገበሬ አለ እንበል። ማሳቸው ጠማማ ነው፣ አንዱ ሞላላ አንዱ ሦስት ማዕዘን። ሁሉም ባንድ ይደመራል። ከድምሩ ላይ ለመንገድ፣ ለትምህርት ቤት፣ ለመናፈሻ ይቆረጣል። ከተማው ጥቂት ቦታ ለራሱ ያስቀርና ሸጦ መንገድና ቦዩን ይሠራበታል። የቀረው ተስተካክሎ፣ ቀጥ ቀጥ ብሎ፣ ለነዚያው አርባ ሰዎች ይመለሳል። ስፋቱ ያንሳል፣ ግን መንገድ ዳር ይሆናል፣ ውኃ በደጁ ያልፋል። ድርሻው ስላነሰ አይከስርም፣ ዋጋው ስለጨመረ። እና ዋናው ነገር፣ ሰውየው እዚያው ነው። ጥበቃ ሳይሆን ጎረቤት ይሆናል።

እኛ ጋ መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ስለሆነ ቃል በቃል አይገለበጥም፣ ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 አለ። ግን የይዞታ መብት አለ አይደል? ያን መብት ወደ ከተማ ይዞታ ቀይሮ መመለስን የሚከለክል ነገር አይታየኝም። የፈለገ ሰው ካለ።

የገበሬ_ልጅ

አባቴ ይሄን ቢሰማ ይስማማል። እኔ የምጠራጠረው መመለሱ ላይ ነው። አርባ ገበሬ ገብቶ ሰባ ካርታ ሲወጣ ያኔ እናወራለን።

ቶታል_ስቴሽን

እሱማ… አዎ። ዝርዝሩ ቀያሹ ከመምጣቱ በፊት ቀበሌው በር ላይ መለጠፍ አለበት። ስም፣ ስፋት፣ የሚቆረጠው፣ የሚመለሰው። ጎረቤት ጎረቤቱን ያውቃል፣ ከቢሮ የመጣ ኦዲተር የማያየውን እሱ ያየዋል።

ሜሪላንድ_ያለሁ

ከሲልቨር ስፕሪንግ ሰላም። እዚህ ሞንትጎመሪ ካውንቲ ውስጥ ትልቅ ነገር ሊገነባ ሲታሰብ ቦታው ላይ ምልክት ይተከላል፣ አልሚው ማመልከቻ ከማስገባቱ በፊት ነዋሪ ሰብስቦ ማስረዳት አለበት፣ ከዚያ የፕላን ቦርዱ ፊት ማንም ተነስቶ ይናገራል። እኔም አንዴ ሄጄ ተናግሬያለሁ፣ እጄ እየተንቀጠቀጠ፣ ስለ ፓርኪንግ።

ግን እንዳትቀኑ። ስብሰባ የሚመጣው ማነው? ቤት ያለው ነው። ጡረታ የወጣ፣ ጊዜ ያለው። አፓርታማ ይሠራ ሲባል «የሰፈራችን መልክ ይበላሻል» ይላል። ተከራዩ ሁለተኛ ሥራው ላይ ነው፣ ገና ያልመጣው ስደተኛ ደግሞ ጭራሽ ድምፅ የለውም። ኪራዩ በየዓመቱ ይወጣል። ስለዚህ ሕዝቡን ጠይቁ ሲባል የትኛውን ሕዝብ፣ መቼ የሚለው ነገር አለ። መንገዱና ቦታው ሲወሰን ይጠየቅ። እያንዳንዱ ቤት ሲሠራ ግን ጎረቤት ሁሉ ዳኛ ከሆነ ማንም አይሠራም።

ፕላነር_ነበርኩ

@ሜሪላንድ_ያለሁ ያልከውን እንዳለ እወስደዋለሁ። ፕላኑ ላይ ክርክር ይብዛ፣ ፕላኑን አክብሮ የመጣ ሰው ላይ ግን ክርክር አይኑር። እኛ ገልብጠነዋል። ፕላኑ በዝምታ ይጸድቃል፣ ከዚያ እያንዳንዱ ጂ ፕላስ ሁለት እንደ አዲስ ይመረመራል።

ሕግ ጎድሎን አይደለም ደግሞ። ረቂቅ ፕላን ለሕዝብ ውይይት ይቅረብ የሚለው አዋጁ ውስጥ አለ። የሊዝ አዋጁም፣ 721/2004፣ ለጨረታ የሚወጣ ቦታ ከይገባኛል የጸዳ፣ ፕላኑን የተከተለ፣ መሠረተ ልማት ያገኘ ይሁን ይላል። አንብቡት፣ ቆንጆ ነው። ከዚያ በሊዝ አሸንፎ ቦታው ላይ ሲሄድ የሰው ጎመን ያገኘ ሰው ፈልጋችሁ አናግሩ።

@ባለካርታዋ አንድ ምክር። «መቼ ያልቃል» ብለሽ አትጠይቂ። ረቂቁን አሳዩኝ በይ። ኮኦርዲኔትሽን፣ ካርታሽ ላይ ያሉትን የቦታሽን መገኛ ቁጥሮች፣ ይዘሽ ሂጂ፣ ቦታሽን ረቂቁ ላይ አስቀምጡልኝ በይ። ያኔ ቢያንስ ምን እንደምትጠብቂ ታውቂያለሽ።

ባለካርታዋ

ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመለስኩ። @ፕላነር_ነበርኩ እግዜር ይስጥልኝ።

ካርታዬ ላይ ያለውን ኮኦርዲኔት በወረቀት ገልብጬ ሄድኩ። መጀመሪያ «ረቂቅ አይታይም» ተባልኩ። ቁጭ አልኩ። ምሳ ሰዓት አለፈ። አንዲት ወጣት ባለሙያ፣ በጣም ትሁት ልጅ፣ «ነይ እስቲ» ብላ ኮምፒውተሯን አዞረችልኝ። ቁጥሩን አስገባች። ቦታችን ትንሽ ቢጫ ሳጥን ሆና ወጣች። ከፊት ለፊቷ መንገዱ ይሰፋል፣ ከኛ አጥር ሦስት ሜትር ይበላል። ሦስት ሜትር! ይሄን ያኔ ቢነግሩኝ አርክቴክቱ ሳሎኑን ገፋ ያደርገው ነበር፣ አሥራ አራት ወር አልጠብቅም ነበር። ያለቀ ነገር ነው የሚመስለው፣ ፊርማ ነው የቀረው አለችኝ። ፊርማው መቼ እንደሆነ እሷም አታውቅም።

ከዚያ ስክሪኑን ወደ ታች ስታወርደው ከቤታችን ጀርባ ያለው ሁሉ አረንጓዴ ነው። የወንዝ ዳር። ከዳር እስከ ዳር አንድ ወጥ አረንጓዴ፣ ዛፍ ዛፍ የሚመስል ምልክት ያለበት። አሥራ አንዱ ቤቶች የሉም። አስፈቅጄ በስልኬ ፎቶ አነሳሁት።

መጀመሪያ ቤቱን የሠራችው ሴትዮ፣ ያቺ ባለመጋረጃዋ፣ ዛሬ ቆርቆሮውን በብሎኬት ልትቀይር አሸዋ አስገልብጣለች። ዕቁብ ደርሷት ነው አሉ። ከሰዓት በአጥሩ በኩል ጠርታኝ «ቡና አፍልቻለሁ ነይ» ብላኛለች። ፎቶው ስልኬ ውስጥ ነው። ምን እንደማደርግ አላውቅም።

የገበሬ_ልጅ

አሳያት።